ፔዳሉ ሲሰምጥ

ጥያቄ፦ የ2002 ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብሊውአርኤክስ አለኝ። ረጅም ቁልቁለት ስወርድ መጨረሻው ላይ የፍሬኑ ፔዳል ይሰምጣል። ትልቅ የፊት ፍሬን ልግዛ?
አንባቢ፣ ከቨርጂኒያ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ኪስዎን ከመዳሰስዎ በፊት ምልክቱን ይለዩ። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው አልቆም ካለ፣ ከልክ በላይ የጋለው የፍሬኑ ሸራ ነው። ፔዳሉ ለስልሶ ከወረደ ግን ዘይቱን ይጠርጥሩ። የፍሬን ዘይት ከጊዜ ብዛት ከአየር እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 4 የተባለው የፍሬን ዘይት ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲገባበት ግን ዝቅተኛው ልክ ወደ 155 ይወርዳል። ሲፈላ የሚፈጠረው እንፋሎት ስለሚታመቅ እግርዎ ይወርዳል፣ ፍሬኑ ግን አይይዝም።

ስለዚህ መጀመሪያ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ያስቀይሩ፤ አየሩንም በደንብ ያስወጡ። ጎማውን ፈትተው ሸራዎቹን ጎን ለጎን ያስተያዩ፤ የውስጡ ከውጩ ይበልጥ ሳስቶ ከሆነ የካሊፐሩ ተንሸራታች ፒን ደርቋል ማለት ነው። የተሰነጠቀ የፍሬን ዘይት ቱቦም ይቀየር። ሙቀት የሚችል ሸራ ይጨምሩበት።

ይህ ሁሉ ካልበቃዎት፣ የ2006 ወይም የ2007 ደብሊውአርኤክስ ባለ አራት ፒስተን ካሊፐር በእርስዎ 294 ሚሊሜትር ዲስክ ላይ ይገጥማል። ከዚያ የሚበልጠው የሱባሩ ኤስቲአይ ሞዴል ብሬምቦ ፍሬን ግን ዲስኩ 326 ሚሊሜትር ስለሆነ 17 ኢንች ቸርኬ ይጠይቃል።

ቁልቁለት ላይ ግን ከሁሉም የሚቀድመው ርካሹ መላ ነው፦ ማርሽ ቀንሶ ሞተሩ እንዲይዝ ማድረግ።