ስሞል ፒ፣ ካፒታል ፒ

ነገ ክፍል የማቀርባት የልብ ምት ቆጣሪ አለችኝ፤ ዮቪል ደግሞ መብራት ጠፍቷል፣ ዋይፋዩም አብሮ ሄዷል። ኮዱ ግን ቀድሞ ኮምፓይል ስለተደረገ ሄክስ ፋይሉ ላፕቶፔ ውስጥ ነው። አርዱይኖ ኡኖዋም ኃይል የምትወስደው በዩኤስቢ ከላፕቶፑ ባትሪ ነው። ስለዚህ ተርሚናል ከፍቼ በኤቪአርዱድ እጭናለሁ።

ትእዛዙ ላይ የሚያሳስተው ፒ ነው። በፊደላችን ካፒታል የሚባል ስለሌለ ለእናንተ ስነግራችሁም ለይቼ መጥራት አለብኝ። ስሞል ፒ የቺፑ ዓይነት ናት፤ ኤም328ፒ ይጻፍባታል። ካፒታል ፒ ቦርዱ የተሰካበት ፖርት ናት፤ ዊንዶውስ ላይ ኮም3 የመሰለ ስም ይኖረዋል። ስሞል ሲ ላይ አርዱይኖ፣ ስሞል ቢ ላይ 115200 ይገባል። ካፒታል ዩ ፋይሉን ፍላሽ ላይ ታስጽፋለች። ሁሉም ፊት ሰረዝ አለ።

ኤቪአርዱድ ከመጻፉ በፊት የቺፑን መለያ ያነባል፤ ካልገጠመ ይቆማል። እኛ መድኃኒት ከመስጠታችን በፊት የታካሚውን የእጅ መለያ እንደምናየው ነው። ይህን ፍተሻ የምታስዘልል ካፒታል ኤፍ አለች፤ እባካችሁ አትልመዱባት። ጽፎ ሲጨርስም መልሶ አንብቦ ያመሳክራል።

መሀል ላይ ገመዱ ቢነቀል አትደንግጡ። ቡትሎደሩ ፍላሹ መጨረሻ ላይ ለብቻው ስለተቀመጠ አይነካም፤ ሰክታችሁ እንደገና ጫኑ።