የደፈረሰውና የጠራው ውኃ

ልጆች ሆይ፥ ይህን ምሳሌ አድምጡ።

ደልጊ በጣና ሐይቅ ዳር፥ በሰሜን ምዕራብ በኩል ያለች ከተማ ናት። በዚያች ከተማ አንዲት የዐሥር ዓመት ብላቴና ከእናቷና ከታናሽ ወንድሟ ጋራ ትኖር ነበር። በግቢያቸውም የውኃ ቧንቧ ነበረ። አንድ ጊዜ ውኃው ሁለት ቀን ተቋረጠ። በሦስተኛው ቀን ጧት እናቲቱ ወደ ገበያ ስትሄድ፥ «ልጄ፥ ውኃው ከመጣ እንስራውን ሙዪ፤ ለወንድምሽም የሚጠጣውን ስጪው» ብላ አዘዘቻት።

ብላቴናይቱ ቧንቧውን በከፈተች ጊዜ አስቀድሞ አየር እያፏጨ ወጣ። ቀጥሎም ውኃው መጣ፤ ነገር ግን እንደ ወተት ነጭ ነበረ። እርሷም ደንግጣ፥ «ይህስ ተበላሽቷል» አለችና በብርጭቆ የቀዳችውን ደፋችው። ከዚያም ጄሪካኗን አንሥታ በከብቶች በረት አጠገብ ወዳለው ጉድጓድ ወረደች። የጉድጓዱ ውኃ እንደ መስተዋት የጠራ ነበረ። በዚህ ደስ ብሏት ቀዳችና ወንድሟን አጠጣችው።

ከሁለት ቀን በኋላ ሕፃኑን ተቅማጥ ያዘው። ዓይኑ ጎደጎደ፥ ከንፈሩ ደረቀ፤ ቢያለቅስም እንባ አልወጣውም። እናቱ አዝላ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። በዚያም ጨውና ስኳር ያለበትን የተቅማጥ መድኃኒት በንጹሕ ውኃ በጥብጠው ጥቂት በጥቂት አጠጡት። ሲመሽ ሕፃኑ ዓይኑን ገልጦ እናቱን አያት።

ነርሷ ሕፃኑ የጠጣው ውኃ ከወዴት እንደ መጣ በጠየቀች ጊዜ ብላቴናይቱ እያለቀሰች፥ «ሲስተር፥ እኔ ነኝ። የደፈረሰውን ደፍቼ የጠራውን ሰጠሁት» አለች። ነርሷም እንዲህ አለቻት፦ «አታልቅሺ ልጄ። ስሕተትሽ ሳትመረምሪ መፍረድሽ ነው። ዳግመኛ ነጭ ውኃ ሲመጣ በብርጭቆ ቅጂና አስቀምጪው፤ ሳትነኪውም ተመልከቺው።»

ጥቂት ሳምንት ካለፈ በኋላ ውኃው ዳግመኛ ተቋርጦ ተመለሰ። ብላቴናይቱ እንደ ተነገራት አደረገች። ነጩ ውኃ ከብርጭቆው ሥር ጀምሮ ወደ ላይ እየጠራ ሄደ። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ሁሉም ጠራ፤ ከሥሩም አንዳች ዝቃጭ አልቀረም። ነጩ ነገር አየር ብቻ ነበረ።

ይህ እንዴት ይሆናል? ውኃው በተቋረጠ ጊዜ ባዶውን ቧንቧ አየር ይሞላዋል። ውኃው ሲመለስ በኃይል ስለሚገፋው አየሩ በውኃው ውስጥ ይሟሟል። ከቧንቧው በወጣ ጊዜ ግን ግፊቱ ይቀርለታል፤ ያን ጊዜ አየሩ እጅግ ደቃቅ አረፋ ይሆናል። የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት አረፋ እንደሚወጣ ያለ ነው። አረፋው ወደ ላይ ስለሚወጣ ውኃው ከሥር ጀምሮ ይጠራል። ይህ አረፋ ማንንም አይጎዳም።

የደፈረሰ ውኃ ሁሉ ግን አየር አይደለም። ከብርጭቆው ሥር ዝቃጭ ከተቀመጠ አፈር ነው። ውኃው ቀይ ወይም ቡናማ ከሆነ የብረት ቧንቧ ወይም የበርሜል ዝገት ሊሆን ይችላል። በጣና አገር አፈር ብዙ ነው። በክረምት ግልገል ዐባይ፥ ጉማራ፥ ርብና መገጭ የደጋውን አፈር ጠርገው ወደ ሐይቁ ያስገባሉ። ጣናም ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቀቱ 15 ሜትር አይሞላም። ስለዚህ ነፋስ በተነሣ ጊዜ ማዕበሉ በሥሩ ያለውን ደለል ያነሣዋል።

እንግዲህ ውኃው በደፈረሰ ጊዜ የሚደረገው ይህ ነው።

አስቀድመህ ጎረቤትህን ጠይቅ። የእነርሱም ውኃ ከደፈረሰ ጉድለቱ በከተማው ቧንቧ ነው፤ ለውኃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ይነገር። የእናንተ ብቻ ከሆነ ግን የቤታችሁን ቧንቧ፥ በርሜልና ታንከር መርምሩ፤ ዝቃጭ ካለበት ታጥቦ ይጽዳ።

ተቋርጦ የመጣውን ውኃ እስኪጠራ ድረስ አፍስሰው። በከንቱ እንዳይፈስ በባልዲ ተቀብለህ ለአትክልት አድርገው።

አፈር ያለበትን ውኃ በተከደነ ዕቃ አሳድረው። ሲጠልል ሳታናውጥ ከላይ ያለውን ቅዳ፤ ዝቃጩንም ተወው። ከዚያ በኋላ ንጹሕ ነጠላ አራት እጥፍ አጥፈህ አጥልለው። እጅግ ደቃቅ ሸክላ ግን ቢያድርም ቶሎ አይዘቅጥም። ከጣና የሚወጣው ዐባይ በሚያልፍበት በሱዳን አገር፥ በወንዙ ዳር የሚኖሩ ሴቶች የሽፈራውን ዛፍ ፍሬ ወቅጠው በድፍርሱ ውኃ ያማስሉት ነበር። ፍሬው ደቃቁን ሸክላ አንዱን ከአንዱ ያጣብቀዋል፤ ሲከብድም ይዘቅጣል።

ከጠራ በኋላ አፍላው፥ ወይም የውኃ መድኃኒት የሆነውን ክሎሪን በዕቃው ላይ በተጻፈው ልክ ጨምርበት። አስቀድሞ ማጥራት ያስፈልጋል፤ ጀርሞች በአፈር ውስጥ ተሸሽገው ከክሎሪኑ ያመልጣሉና። የጣና ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል በዚያ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህም ሙቀት ጀርሞችን ለመግደል ይበቃል፤ ውኃው ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ከዚያም በተከደነ ዕቃ ይቀመጥ፤ እጅም አይግባበት።

ልጆች ሆይ፥ «የጠራውን ለምን አፈላለሁ?» ትሉ ይሆናል። በ1854 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በለንደን ከተማ ይህ ነገር ሆነ። በአንድ ሰፈር ኮሌራ ገብቶ ከ600 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ጆን ስኖው የሚባል ሐኪም የሞቱት ሰዎች ውኃ ከወዴት እንደ ቀዱ ከቤት ወደ ቤት እየሄደ ጠየቀ። የሚበዙት ከአንድ ጉድጓድ የቀዱ ሆነው ተገኙ። የዚያ ጉድጓድ ውኃ ለዓይን ይህን ያህል እድፍ አልነበረበትም፤ ጣዕሙም የተወደደ ነበረ። ከሰፈሩ ርቃ የምትኖር አንዲት መበለት እንኳ ጣዕሙን ስለ ወደደች እያስመጣች ትጠጣው ነበር፤ እርሷም ሞተች። በኋላ ሲመረመር በጉድጓዱ አጠገብ የእድፍ ማከማቻ ተገኘ፤ እድፉም በምድር ውስጥ እየሰረገ ወደ ውኃው ይገባ ነበር። ያን እድፍ ማንም በዓይኑ አላየውም።

የደልጊዋ ብላቴና የደፋችው ውኃ ነጭ ነበረ፤ ነጭነቱ ግን አየር ነበረ። ለወንድሟ የሰጠችው ውኃ የጠራ ነበረ፤ በውስጡ ግን ከበረቱ የመጣ በሽታ ነበረበት። ዓይን ይመሰክራል፤ ብቻውን ግን አይፈርድም። አባቶቻችን «ውኃን ከጥሩ፥ ነገርን ከሥሩ» ብለዋል። ጥሩው ውኃ ምንጩ የታወቀ፥ የተመረመረና የተጠበቀ ነው። ሰውንም ቢሆን በመልኩ አትፍረዱበት፤ ጥቂት ታገሡ፥ ጠይቁ፥ ከሥሩም መርምሩ።

ጥያቄ።

1. ነጩ ውኃ ከሥር ጀምሮ የጠራው ስለ ምን ነው?
2. የጣና ውኃ የሚደፈርሰው በምን ምክንያት ነው?
3. ውኃ ከመፍላቱ ወይም ክሎሪን ከመጨመሩ በፊት መጥራት የሚገባው ስለ ምን ነው?
4. በቤታችሁ ያለው የመጠጥ ውኃ ከወዴት ይመጣል? ዕቃውስ ክዳን አለውን? ዛሬ ሄዳችሁ ተመልከቱ።