የስፖርት መኪናው ታንክ ስንት ሊትር ይይዛል?

ጥያቄ፦ ለንደን ውስጥ የምነዳት የ2016 ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ታንክ 45 ሊትር ይይዛል ይላል መመሪያዋ። የነዳጅ መብራቱ በርቶ ስሞላት ግን 36 ሊትር ገደማ ብቻ ትወስዳለች። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱንም፤ የሚናገሩት ግን ስለተለያየ ነገር ነው። መመሪያው የታንኩን ይዘት፣ የማደያው ቆጣሪ ደግሞ የጎደለውን ብቻ ይነግርዎታል። መብራቱ የሚበራው ነዳጁ ሲያልቅ ሳይሆን መጠባበቂያው ሲቀር ነውና፣ 9 ሊትር የሚሆነው ልዩነት ታንኩ ውስጥ ነበር። ቆጣሪውን መጠርጠር ብዙም አያስኬድም፤ የብሪታንያ ሕግ አጉድሎ እንዲቀዳ የሚፈቅድለት ከመቶ ግማሽ እጅ ብቻ ስለሆነ፣ በ36 ሊትር ላይ ከ0.18 ሊትር አያልፍም። የአሜሪካ ጽሑፍ 11.9 ጋሎን ቢልዎም አይደናገሩ። የእነሱ ጋሎን 3.785 ሊትር ስለሆነ ያው 45 ነው፤ በእንግሊዙ 4.546 ካባዙት ግን 54 ሊትር የሚይዝ፣ የትም የሌለ ታንክ ይፈጥራሉ።

«እስክትቆም ነድቼ ብሞላትስ?» ይሉ ይሆናል። ስሌቱ ያስኬዳል፤ ነገር ግን ታንኩ ውስጥ ያለውን ፓምፕ የሚያቀዘቅዘው ራሱ ቤንዚኑ ነው፤ ኤም25 አውራ ጎዳና ላይ መቆምም ሌላ አደጋ ነው። ቤንዚኑን ከታንኩ ቀድቶ መለካቱም ቢሆን አያስኬድም፤ ለባለሥልጣን ሳያሳውቁ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ የሚቻለው እስከ 30 ሊትር ብቻ ነው። እጀታው ጠቅ ብሎ ከቆመ በኋላ ጠብ ጠብ እያደረጉ መጨመር ደግሞ ትነቱን የሚያጠምደውን የከሰል ማጣሪያ ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ መብራቱ እንደበራ ሞልተው፣ በመጀመሪያው ጠቅታ አቁመው የገባውን ይመዝግቡ፤ ጥቂት ጊዜ ደጋግመው አማካዩን ከ45 ቢቀንሱት የመኪናዎን መጠባበቂያ ያገኛሉ።