ካቶክቲን፦ ደን የለበሰው የብረት ምድር

ከዋሽንግተን ወደ ሰሜን ምዕራብ በመኪና ከአንድ ሰዓት ትንሽ በላይ ሲኬድ ቱርሞንት የምትባል የሜሪላንድ ከተማ ትገኛለች። ከተማዋ የተጠጋችው የካቶክቲን ተራራ በበጋ ቅዳሜና እሁድ ለሽርሽር በወጣ ሰው ይጥለቀለቃል፤ የካኒንግሃም ፏፏቴ ፓርክ ከመሙላቱ የተነሳ በሩ የሚዘጋበት ቀን ጥቂት አይደለም። ሰው የሚያውቀው ፏፏቴውንና ሐይቁን ነው። አውራ ጎዳና 15 ዳር ዛፍ ከልሎት የቆመውን የድንጋይ ምድጃ ግን መኪናው ሁሉ እንደ ነፋስ ያልፈዋል።

ዕድሜያቸውን በጂኦሎጂ ሙያ ያሳለፉና ዛሬ ጡረታ ወጥተው በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ወደ ተራራው የሚያደርጉት የእግር ጉዞ የሚጀምረው ከዚህ ምድጃ ነው። እዚያው ሜሪላንድ ተወልዳ ያደገችው የወንድማቸው ልጅ አብራቸው ስትመጣ ነገሩ ግር አላት።

«ጋሼ፣ ሰው ሁሉ ፏፏቴው ጋ ነው። እኛ ለምን እዚህ ቆምን?»

«ፏፏቴው አያመልጠንም። 24 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል፣ ያምራል፣ እናየዋለን። መጀመሪያ ግን ይህን ጫካ ማን እንደጨፈጨፈው ላሳይሽ» አሉ አዛውንቱ።

«ጫካው እኮ ይኸው ቆሟል።»

«የቆመው ተጨፍጭፎ የበቀለው ነው። አንዴም ብቻ አይደለም የተጨፈጨፈው፤ እያቆጠቆጠ ተቆርጧል፣ እንደገና አቆጥቁጦ እንደገና ተቆርጧል። ተራራው ለመቶ ዓመታት ያህል የዚህ ማቅለጫ ማገዶ ነበር።»

የካቶክቲን ማቅለጫ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1776፣ አሜሪካ ነፃነቷን ባወጀችበት ዓመት ነው። ያቋቋሙት ቶማስ ጆንሰንና ወንድሞቹ ናቸው። ቶማስ ጆንሰን በማግሥቱ ዓመት በምርጫ የመጀመሪያው የሜሪላንድ አገረ ገዥ ሆነ፤ በኋላም በጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኝነት አገልግሏል። ማቅለጫው ከእጅ ወደ እጅ እየተዛወረ እስከ 1903 ድረስ ብረት አወጣ። ዛሬ ቆሞ የሚታየው ኢዛቤላ የተባለው ምድጃ በ1850ዎቹ የተሠራው ሁለተኛው ነው።

ወጣቷ በምድጃው ዝቅተኛ ቅስት አጎንብሳ ወደ ውስጥ ተመለከተች። «እዚህ ቦታ ለምን ሠሩት? ለከተማ ቅርብ አይደለ፣ ለባሕር ቅርብ አይደለ።»

«የብረት ማቅለጫ ከተማ አይመርጥም፤ አራት ነገር ነው የሚፈልገው። አንደኛ፣ የብረት ማዕድን፤ ከተራራው ግርጌ ቡናማው ማዕድን ከላይ እየተቆፈረ ይወጣ ነበር። ሁለተኛ፣ የኖራ ድንጋይ፤ ከታች ያለው የፍሬደሪክ ሸለቆ ሞልቶታል። ሦስተኛ፣ የሚፈስ ውሃ፤ ይህ ሊትል ሀንቲንግ የሚሉት ወንዝ መዘውር ያዞራል፣ መዘውሩ ወናፉን ይነፋል። አራተኛው እንጨት ነው። እንጨቱን አሁን በዐይንሽ ታይዋለሽ።»

«ኖራው ምን ያደርጋል?»

«ጥሩ ጠየቅሽ። ማዕድኑ ብረት ብቻ አይደለም፤ ኦክስጅንም አሸዋም አለበት። ከሰሉ ሲነድ የሚወጣው ጋዝ ኦክስጅኑን ከብረቱ ነጥቆ ይወስዳል። ኖራው ደግሞ አሸዋውን ይዞ ይቀልጥና ከብረቱ በላይ ይንሳፈፋል። ብረቱ ከታች፣ ዝቃጩ ከላይ በየራሱ ቀዳዳ ይለቀቃል። ያ ዝቃጭ ሲቀዘቅዝ ይህን ይመስላል።» ከመንገዱ ዳር አረንጓዴና ሰማያዊ የተቀላቀለበት፣ እንደ ጠርሙስ ስባሪ የሚያብረቀርቅ ድንጋይ አሳዩአት።

ልታነሣው እጇን ሰደደች። አዛውንቱ ከለከሏት። «እዪው እንጂ አትውሰጂው። ከፓርኩ ማውጣት የተከለከለ ነው፤ ሕጉ ባይኖርም ማስረጃ ነው። የሚመጣው ሁሉ አንዳንድ ቢይዝ እዚህ ብረት መቅለጡን የሚመሰክር ነገር መሬት ላይ አይቀርም።»

ወደ ተራራው ሲወጡ የከሰሉ ነገር ተነሣ። በዚያ ዘመን በከሰል የሚሠራ ምድጃ በቀን የአንድ ኤከር ደን ይበላ ነበር ይባላል፤ ከእግር ኳስ ሜዳ ግማሽ የሚበልጥ መሬት ማለት ነው። ምድጃው አንዴ ከተለኮሰ ሌት ተቀን ለወራት ስለማይጠፋ ደኑን በምን ፍጥነት እንደጨረሰው መገመት አያስቸግርም። በካቶክቲን ተራራ ፓርክ ውስጥ የከሰል መንገድ የሚባል አጭር ዙር አለ፤ ልጅም ሽማግሌም ይጨርሰዋል። ብዙ ተጓዥ ለቁመቱ ሲል ዎልፍ ሮክና ቺምኒ ሮክ ወደሚባሉት የገደል አናቶች ይሮጣል። ለሚያስተውል ሰው ግን ይህ አጭር ዙር ከሁለቱም ይበልጣል።

«እዚህ ጋ ቁሚ። መሬቱ ምን ይመስላል?» አሉ አዛውንቱ።

«ዳገት ነው። እዚህ ላይ ግን ሜዳ ሆነ። ክብ ነው።»

«ተፈጥሮ ዳገት ላይ እንዲህ ያለ ክብ መደብ አትሠራም። ይህ የከሰል መደብ ነው። እንጨቱን መሐሉ ላይ ጭስ መውጫ ትተው ዙሪያውን አቁመው ይደረድሩታል፤ ቅጠል ያለብሱታል፣ በአፈር ይደፍኑታል፣ ከዚያ ይለኩሱታል። ነበልባል እንዳያወጣ፣ እንዳይጠፋም፣ አክሳዩ አሥር ቀንም ሁለት ሳምንትም አጠገቡ ያድራል። አፈሩ ከተሰነጠቀና አየር ከገባ የስንት ቀን ድካም በአንድ ሌሊት አመድ ይሆናል። እኔ ባደግሁበት አገር ገበሬው ከሰል የሚያከስለው በዚሁ ዘዴ ነው። መጀመሪያ እዚህ መጥቼ የማብራሪያውን ሥዕል ሳይ የማውቀውን ሥራ ነው ያየሁት።»

ወጣቷ በጫማዋ ጫፍ ቅጠሉን ገለጥ አደረገች። አፈሩ ጥቁር ነው።

«ዛፎቹንስ እያቸው» ብለው ቀጠሉ። «ከአንድ ሥር ሁለት ሦስት ግንድ ያበቀለውን ታያለሽ? ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው እንደሚያቆጠቁጠው ማለት ነው። ኦክም እንዲሁ ነው። መንታ ግንድ በብዛት ካየሽ ጫካው መጥረቢያ የሚያውቅ ጫካ ነው። እዚህ ተራራ ላይ በብዛት የነበረው የአሜሪካ ቸስትነት የሚባለው ዛፍ ግን የለም። እሱን የጨረሰው ከውጭ የገባ የፈንገስ በሽታ ነው፤ በ1904 ኒው ዮርክ ውስጥ ታየ፣ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ የምሥራቁን ደን አዳረሰ። ሥሩ እስከ ዛሬ ቡቃያ ያወጣል፣ ትንሽ ከፍ ሲል በሽታው መልሶ ይገድለዋል።»

ደኑ ያገገመው ምድጃው ስለተዘጋ ብቻ አይደለም። በ1930ዎቹ የፌዴራል መንግሥት በከሰልና በእርሻ የተጎዳውን መሬት ገዝቶ ወደ መዝናኛ ስፍራ ለወጠው። በኢኮኖሚው ቀውስ ሥራ ያጡ ሰዎች ዛፍ ተከሉ፣ መንገድ አወጡ፣ በበሽታ ከደረቀው ቸስትነት ጣውላ ጎጆዎች ሠሩ። በ1942 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ከተሠሩት ካምፖች አንዱን ማረፊያቸው አደረጉት፤ ዛሬ ካምፕ ዴቪድ የሚባለው እሱ ነው። በ1954 ከመሬቱ ደቡባዊው ክፍል ለሜሪላንድ ተሰጠ፤ የካኒንግሃም ፏፏቴ ፓርክም የተገኘው ከዚህ ነው። ይህ ታሪክ በፓርኮቹ ሰሌዳዎች ላይ ተጽፏል። ለረጅም ጊዜ ያልተጻፈው ሌላው ነበር።

«ጋሼ፣ መደቡ ላይ የሚያድረው ሰውዬ ማን ነበር? ማዕድኑንስ የቆፈረው?»

አዛውንቱ ጥያቄውን ሲጠብቁት የቆዩ ይመስላሉ። «በመጀመሪያዎቹ ሰባ ዓመታት ግድም በብዛት የሠሩት በባርነት የተያዙ አፍሪካውያንና ልጆቻቸው ነበሩ። ቆፈሩ፣ ቆረጡ፣ አከሰሉ፣ ምድጃውን ሞሉ፣ ብረቱን ቀዱ። በኋላ ባለቤቶቹ በደመወዝ የሚሠሩ ነጮችን ቀጠሩ። መንደሩ የነጮች መንደር ሆነና የእነሱ ነገር ተረሳ።»

የተረሱት ወደ ትውስታ የተመለሱት በመንገድ ሥራ ምክንያት ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ አውራ ጎዳና 15 ሲሰፋ ከማቅለጫው አጠገብ የነበረ የመቃብር ቦታ መተላለፊያው ላይ ወደቀ። የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች 35 መቃብር ቆፍረው አፅሞቹን አወጡ፤ አፅሞቹ ወደ ስሚዝሶንያን ተቋም ገቡ። መንገዱም ተሠራ። በ2023 «ሳይንስ» የተባለው መጽሔት ከእነዚህ ሰዎች በ27ቱ ዲኤንኤ ላይ የተደረገ ጥናት አወጣ። ተመራማሪዎቹ ውጤቱን ትዌንቲስሪ ኤንድ ሚ በተባለው የዘር ምርመራ ድርጅት በኩል ለምርምር ከተስማሙ ደንበኞች ጋር ሲያስተያዩት ከሟቾቹ ጋር በዘር የሚገናኙ 41,799 ሰዎች አገኙ።

«አርባ አንድ ሺህ? ከ27 ሰው?»

«አብዛኞቹ ቀጥተኛ የልጅ ልጆች አይደሉም፤ ከብዙ ትውልድ በፊት ከኖረ የጋራ ቅድመ አያት የሚገናኙ ናቸው። የቅርብ ዘመዶቹ ግን ጥቂት ሲሆኑ በብዛት የተገኙት እዚሁ ሜሪላንድ ነው። ከመቃብሩም ውስጥ እናትና ልጅ፣ ወንድምና እህት ተለይተዋል። በባርነት ውስጥ ቤተሰብ የሚሸጥ የሚለወጥ ነበርና ይህ ቀላል ነገር አይደለም።»

ወጣቷ ዝም ብላ ቆየችና «ከየት ነው የመጡት? ከእኛ አገር አካባቢ?» አለች።

«አይደለም። ጥናቱ የሚያገናኛቸው በምዕራብ ከዎሎፍና ከማንዲንካ፣ በመካከለኛው አፍሪካ ከኮንጎ ሕዝብ ጋር ነው። ሳይንስ ያልሰጠንን ዝምድና አንውሰድ፤ ለእነሱም ለእውነትም አክብሮት አይሆንም። እኛ ግን ሌላ ነገር ልንማርበት እንችላለን።»

«ምን?»

«እኛስ ብረት ያቀለጠልንን ምን አደረግነው? ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ጦሩን ቀጥቅጦ የሰጠንን ሰው ቡዳ ብለን አገለልነው፤ መሬት ነፈግነው፣ ጋብቻ ከለከልነው። ጎንደር አካባቢ ብዙ ቀጥቃጮች ቤተ እስራኤል ነበሩ፤ ይህን ስም ተሸክመው ነው የኖሩት፤ ልጆቻቸው ዛሬ እስራኤል ውስጥ ያስታውሱታል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ በአዋጅ ከልክለዋል፤ ስድቡ ግን በአዋጅ አልጠፋም። እዚህ የሰው ጉልበት ወስደው ስሙን ቀበሩ፤ እኛ ሙያውን ወስደን ባለሙያውን አዋረድን። ልዩነቱ ብዙ ነው፣ አላመሳስለውም። ብረቱን እየፈለጉ ሠሪውን አለማየት ግን ሁለቱም ጋ አለ።»

ዛሬ በማቅለጫው መንደር የብረት ሠራተኛው ሙዚየም የሚባል አነስተኛ ሙዚየም አለ። ከመቃብሩ የወጡ የአንዲት ሴትና የአንድ ታዳጊ ልጅ ፊት ከራስ ቅላቸው ተነሥቶ በባለሙያ ተቀርጾ እዚያ ይታያል። ስማቸው አይታወቅም፤ ፊታቸው ግን እንደገና ሰው ፊት ቆሟል። ወደ መቃብሩ አቅጣጫ የሚወስድ፣ ማብራሪያ ሰሌዳ የቆመበት የእግር መንገድም ተሠርቷል። የጸሐፊው እምነት፣ ካቶክቲን ካሉት መንገዶች ሁሉ ቀድሞ ሊኬድበት የሚገባው ይህ ነው።

«ሰው ይዤ ልምጣ?» አለች ወጣቷ ወደ መኪናው ሲመለሱ። «ምን አድርጉ ልበላቸው?»

«ረጅም ሱሪ ይልበሱ፣ ሱሪውን ካልሲ ውስጥ ያስገቡ፣ ሲመለሱ ገላቸውን ይፈትሹ፤ እዚህ ያለው መዥገር ላይም የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል። ዎልፍ ሮክ ላይ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ እጃቸውን አይክተቱ፣ መርዛም እባብ አለ። ለፏፏቴው በጠዋት ይምጡ፣ ሳይሞላ። የሙዚየሙን የመክፈቻ ሰዓት ቀድመው ይጠይቁ።»

«ሌላስ?»

«ልጆቻቸውን ያምጡ። በዚህ አገር የተወለዱ የእኛ ልጆች በትምህርት ቤት ፎርም ላይ ጥቁር አሜሪካዊ የሚለውን ይሞላሉ፤ እዚህ የተቀበሩትን ግን አያውቋቸውም። ከዋሽንግተን፣ ከባልቲሞር፣ ከአሌክሳንድሪያ ሩቅ አይደለም። ፏፏቴው ከሰዓት በኋላ ይታይ፤ ጠዋቱ ለምድጃውና ለመቃብሩ መንገድ ይሁን።»