ባቄላውን ማታ ዘፍዝፊው

እህት ዓለም፣ ሻንጣሽን እያሰናዳሽ ስሚኝ። ሰሜን ተራሮች ላይ ቡይት ራስ ሎጅ ወጥ ቤት ተቀጠርኩ ብለሽ «የታዘዝኩትን ሠርቼ ደመወዜን ልቀበል» እንዳትይ። አለቃ የሚያየው የወሩን ሂሳብ ነው፤ ምን እንደሚባክን ቀድሞ የሚያውቀው ድስት የሚጥደው ሰው ነው።

ቡይት ራስ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ውሃ የሚፈላው በ89 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ባቄላና ሽምብራ ከደባርቅም ብሶ ይዘገይብሻል። እሳት ብትጨምሪ ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ማታ ዘፍዝፊ፣ ድስቱን ክደኚ።

ግን ገና በገባሽ «ማገዶ እየባከነ ነው» ብትይ ወቀሳ ይመስልብሻል። አንድ ቀን ሳትዘፈዝፊ፣ ሌላ ቀን ዘፍዝፈሽ ቀቅይና የፈጀውን ሰዓትና ማገዶ ደብተር ላይ አስፍሪ። መጀመሪያ ለዋናዋ ወጥ ሠሪ አሳያት፤ እሷን ዘለሽ አለቃ ዘንድ ከሄድሽ ደህናው ሐሳብ ነገር ሆኖ ይቀራል። ይኼ አዲስ ነገር አይደለም። ፋብሪካዎች ካይዘን የሚሉት ይኸንኑ ነው፤ በአገራችን ኢንስቲትዩት የተቋቋመለትም በ2004 ዓ.ም. ነው። ሠራተኛው በቡድን ተሰብስቦ የሥራ ቦታውን ችግር ራሱ ይፈታል።

ትራፊ ደግሞ ደጅ እንዳይደፋ። ጭላዳ ሣር በል ነው፤ ፍርፋሪ ከለመደ ግን ከማድ ቤት ደጃፍ አይጠፋም። የባሰው የውሻው ነው፤ ትራፊ ውሻ ይጠራል፣ ውሻ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታን ለቀይ ቀበሮ ያስተላልፋል። ከኢትዮጵያ ውጭ የሌለው ይኼ አውሬ፣ ለአካለ መጠን የደረሰው በአገሩ ሁሉ ተቆጥሮ 500 ያህል እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ክዳን ያለው በርሜል እንዲገዛ ጠይቂ። ስትጠይቂም ከጽዳቶቹና ከፓርኩ ጠባቂ ስካውቶች ጋር ሁኚ፤ ውሻው በየት በየት እንደሚዞር የሚያውቁት ስካውቶቹ ናቸው።

«ዝም አይነቅዝም» የሚልሽ አይጠፋም። አይነቅዝም፣ ማገዶም አይቆጥብም።

የመጨረሻው፦ ሐሳብሽ ሥራ የሚጨምርብሽ ከሆነ ሰዓቱን አስቀድመሽ ተነጋገሪ። ስብሰባ ላይ ሲነሳም የማን ሐሳብ እንደሆነ ቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር። የእድገት ጊዜ ሲመጣ የምታሳይው ወረቀት ያ ነው።