ስለ ጌም ማሻሻያዎች ግጭትና ስለ አጫጫን ተራቸው

ጌም የሚወዱ ጓደኞቻችን እንደሚያውቁት «ሞድ» ማለት አንድ ጌም ከወጣ በኋላ ተጫዋቾች ራሳቸው አዘጋጅተው የሚጨምሩበት ማሻሻያ ነው። አንዱ ሞድ ብቻውን ሲጫን መልካም ይሠራል፤ አሥር ሲደራረብ ግን ጌሙ በድንገት ይዘጋል፣ ወይም የተጨመረው ነገር ደብዛው ይጠፋል። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን ሞዱን «ብልሹ ነው» ብለን እናጠፋዋለን። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሞዱ ሳይሆን የተራው ነው። ይኸንንም ኅዳር 1 ቀን 2004 ዓ.ም. በወጣው በስካይሪም እንመልከት።

በዚህ ጌም ውስጥ እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ መዝገብ አለው። የብረቱ ሰይፍ መዝገብ ከስሙ ጋር ጉዳቱን 7፣ ክብደቱን 9፣ ዋጋውን 25 አድርጎ ይይዛል። ከእኛ አንዱ ጌሙን ወደ አማርኛ ለመመለስ ተነሥቶ፣ ፊደላችንን የሚያሳይ ፎንት ጨምሮ፣ ስሙን «የብረት ሰይፍ» አለው እንበል። ሌላው ሞድ ደግሞ ክብደቱን ብቻ ከ9 ወደ 6 ያወርዳል። ሁለቱ የማይነካኩ ይመስላሉ። ጌሙ ግን የሚወስደው የተለወጠውን ቁጥር ብቻ ሳይሆን በመጨረሻ የተጫነውን መዝገብ በሙሉ ነው። የክብደቱ ሞድ የእንግሊዝኛውን ስም አብሮ ይዞ መጥቷልና ከኋላ ሲጫን ክብደቱ 6 ይሆናል፤ አማርኛው ግን ይጠፋል። ተራውን ብናገላብጠው አማርኛው ይመለሳል፤ ክብደቱ እንደገና 9 ይሆናል። ማስጠንቀቂያም አይሰጠንም።

ድጓ የሚመሰከርባት ቤተልሔም በጋይንት ስለሆነች፣ ከአርብ ገበያ የመጣን ተማሪዎች ምሳሌውን ከዚያው እናመጣለን። በትርጓሜ ቤት መምህሩ ለአንዱ ቃል «አንድም» እያለ ሁለት ሦስት ፍች ይሰጣል፤ አንዱ ፍች ሌላውን አይሽረውም። በማሕሌት ግን ያንኑ ድጓ በቤተልሔምና በቆማ ዜማ ባንድ ጊዜ መምራት አይቻልም። ጌሙም እንደ ማሕሌቱ ነው እንጂ «አንድም» ማለትን አያውቅም።

ስለዚህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፦ መሠረት የሆነው ፋይል ይቅደም፤ በእርሱ ላይ የቆመው ሞድ ይከተል። ይኸን «ሉት» የተባለው ፕሮግራም ይደረድርልናል፤ ሆኖም ከሁለት ሞዶች የትኛውን እንደምናስበልጥ ሊያውቅልን አይችልም።

ሁለተኛ፦ «ኤክስኤዲት» በተባለው ፕሮግራም መዝገቦቹን ጎን ለጎን አድርገን የሚጋጩበትን ቦታ እንይ።

ሦስተኛ፦ ሁለቱም ካስፈለጉን ተራ ብቻውን አያድነንም። ስሙን ከአንዱ፣ ክብደቱን ከሌላው የሚወስድ «ፓች» የተባለ ትንሽ ማስታረቂያ ፋይል ሠርተን ከሁለቱም በኋላ እንጫን።

አራተኛ፦ ሞድ አንድ በአንድ ይጨመር። ከ40 ሞዶች አንዱ ጥፋተኛ ቢሆን ግማሹን እያጠፉ በመሞከር ቢበዛ በ6 ሙከራ ይገኛል። ጥፋቱ የሁለት ሞዶች ጠብ ከሆነ ግን ሁለቱ ሲለያዩ ይሰወራልና ይኸን አንርሳ። ሙከራውም በአዲስ ጨዋታ ይሁን፤ ከተጀመረ ጨዋታ መካከል ሞድ መንቀል ቅሪቱን በተቀመጠው ፋይል ውስጥ ትቶ የብዙ ወር ጨዋታ ሊያበላሽ ይችላል።

በመጨረሻም፣ ሞድ በፍላሽ ስንቀባበል ፋይሉን ብቻ አንስጥ፤ የአጫጫን ተራውንም ጽፈን አብረን እንስጥ። ቋንቋችንን ወደ ጌም ለማስገባት የሚደክም ጓደኛችን ሥራው በአንዲት የክብደት ለውጥ እንዳይሻርበት የሚጠብቀው ይኸው ጽሑፍ ነው።