አንድ መምህር ለስንት ተማሪ?

በየርዕሰ መምህሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ አንድ ሠንጠረዥ ተለጥፎ ታያላችሁ። የተማሪ ብዛት በክፍልና በጾታ፣ የመምህራን ብዛት ደግሞ በትምህርት ዓይነት ይላል። ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ ቀድመን የምንገለብጠው እርሱን ስለሆነ ስለ አነባበቡ ያለኝን አሳብ ላካፍል። ምንም እንኳ እኛ ለታችኞቹ ክፍሎች የምንሠለጥን ብንሆን፣ የማቀርበው ምሳሌ ግን የመጣንበት የሁለተኛ ደረጃ ነው።

መጀመሪያ ዓይን የሚይዘው የመምህርና የተማሪ ጥምርታ ነው። 1,200 ተማሪና 60 መምህር ያለው ት/ቤት እናስብ። ሲካፈል አንድ ለሃያ ይመጣል። እሰየው ያሰኛል! ነገር ግን ያሉት ሴክሽኖች 20 ብቻ ከሆኑ በአንዱ የሚቀመጡት 60 ናቸው። ለሁለተኛ ደረጃ የተቀመጠው መለኪያ 40 ስለሆነ ት/ቤቱ 10 መማሪያ ክፍል ይጎድለዋል ማለት ነው። ጥምርታው ስሕተት የለበትም፤ ስለ ወንበሩ ግን ምንም አይነግረንም።

ወደ መምህራኑ እንምጣ። በቀን 7፣ በሳምንት 35 ክፍለ ጊዜ አለ እንበል። ፊዚክስ ለአንድ ሴክሽን በሳምንት 4 ጊዜ ቢሰጥ 20ው ሴክሽን 80 ክፍለ ጊዜ ይፈልጋል። ከ60ዎቹ መምህራን የፊዚክስ ሁለት ብቻ ቢሆኑ ለእያንዳንዳቸው 40 ይደርሳል። ሳምንቱ እኮ ራሱ ያለው 35 ነው! ሰውየው ውኃ ሳይጠጣ ቢያስተምር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ አንዳንዱ ሴክሽን ያለ መምህር ይቀራል።

እኔ በተማርኩበት ት/ቤት (ስሙ ይቆይ) 10ኛ ክፍል ሳለን የቀረው የኛ ሴክሽን ነበር። አንድ መንፈቀ ዓመት ሙሉ የፊዚክስ ደወል ይደወላል፣ እኛ እንቀመጣለን፣ የክፍል አለቃው የሚያወሩትን ስም ይጽፋል። ፈተናው ግን አልቀረልንም።

እጥረቱ ዛሬ የመጣ አይደለም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ሲዛወር፣ በአገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች ብዙ ሕንዳውያን ያስተምሩ ነበር። በ1955 የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች ተጨመሩ። ከ1957 ጀምሮም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ሲደረግ አብዛኞቹ የተመደቡት በመምህርነት ነው።

የተማሪው ዓምድ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የሴትና የወንድን ቁጥር በጠቅላላ ድምር ማየት አይበቃም፤ 9ኛውን ከ12ኛው ጋር አስተያዩት። ቀጥሎም የመስከረሙን ብቻ ሳይሆን የሰኔውንም ቆጠራ ጠይቁ። በኛ አገር ብዙ የደጋ ልጅ ከተማ ቤት ተከራይቶ ነው የሚማረው። ቅዳሜ ወደ ላይ ይወጣል፣ እሁድ ቆጮና ድንች ተሸክሞ ይወርዳል። የኪራይ ብር ሲጠፋ ወይም ወንዱ ልጅ ለሽመና ወደ ሽሮ ሜዳ ሲሄድ፣ የመስከረሙ ቁጥር እንደ ተጻፈ ይቀመጣል።

በዚያው ዓመት ጎረቤታችን ተከራይታ የምትማር፣ ሒሳብ የምታስረዳን ልጅ ነበረች። ኅዳር ላይ ቤቷን ለቅቃ ወደ ደጋ ወጣች፤ አልተመለሰችም። እስከ ሰኔ ድረስ ጠዋት ጠዋት ስሟ ይጠራል፤ እኛም «የለችም» እንላለን።